አሥራ አንደኛዋ መራጊ

ስለ ሙት መንፈስ የሚያወራ ሰው ፊት ለፊት የምስቅ ሴት ነኝ፣ ልጆቼን ጠይቋቸው። ይሄን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፣ ምን ላድርግ?

ሸኮ ከተማ አጠገብ ያለችው የጭቃ ጸሎት ቤታችን ልትፈርስ ነበር፣ ከጎኗ በብሎኬት አዲስ ተሠርቷል፣ በምረቃው እሑድ የሚነበበውን ታሪኳን የጻፈው ሽማግሌያችን ጋሽ ማቴዎስ ነው። ሲያነብልኝ ምሰሶ የተከሉት ወንዶች ሁሉ በስም አሉ፣ ሴት አንድም የለችም።

«እኛስ?» አልኩት።

«እትዬ፣ እናንተማ ጭቃ ነው የመረጋችሁት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ክረምት ምሰሶ አቅፋችሁ ነው ያሳለፋችሁት? ጻፍ ብያለሁ!»

ሳቀ። «እሺ፣ ስማቸውን ያምጡልኝ።»

አመሻሽ ላይ ብቻዬን አሮጌዋ ጸሎት ቤት ገባሁ። ስትሠራ እያንዳንዷ ሴት የራሷ የግድግዳ ድርሻ ነበራት፣ ስለዚህ ግድግዳውን እየዳበስኩ «ይሄ የማርታ፣ ይሄ የዘነበች» እያልኩ ጮክ ብዬ ጠራሁ። እመኑኝ፣ በእያንዳንዱ ስም ከውጭ ጠፍ! ይላል፣ ጭቃ በመዳፍ ሲለጠፍ የሚሰማው ድምፅ፣ እሱን ደግሞ አልስተውም። ከብት ነው ብዬ ቀጠልኩ። የራሴን ጨምሬ አሥር ጠርቼ ዝም አልኩ።

ጠፍ! አሥራ አንደኛ።

ወጥቼ በጀርባ ዞርኩ፣ ከቡና ተክሉ በቀር ማንም የለም፣ ዝናብ ከጣለ ሳምንት አልፎታል፣ ግድግዳው ላይ ግን ውሃው የሚንጠባጠብ የመዳፍ አሻራ አለ። ያኔ ትዝ አለችኝ። አፈሩን መርጣ ያመጣችልን፣ ጭቃውን በእግሯ ያቦካችልን ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ አብራን እንዳትበላ፣ ደጃፉንም እንዳታልፍ የከለከልናት፣ እኔም ጭምር። ያን የጀርባ ግድግዳ በውጭ በኩል ብቻዋን መርጋ ሄደች። ስለ ሴቶቹ የምጮኸው እኔ ረስቻታለሁ።

ጋሽ ማቴዎስ ዘንድ ሮጥኩ። «አንዲት ጨምር!»

«ስሟ ማን ነው?»

ሸክላ ሠሪዋ እንላት ነበር እንጂ ስሟን የጠየቀ አልነበረም። በሕይወት ያሉትን አሮጊቶች ሁሉ ዞሬ ጠየቅኩ፣ ዘመዶቿ ወዴት እንደሄዱ እንኳ የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ ማን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

እሑድ የአሥራችን ስም ተነበበ፣ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ ከብሎኬቱ ጀርባ አንድ ጊዜ፣ ጠፍ! ጋሽ ማቴዎስ ከወረቀቱ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

አሮጌዋ ጸሎት ቤት ከፈረሰች ወራት አልፏል። አሁን የሚመታው የእኔ ቤት ግድግዳ ነው፣ ሲመሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «እሺ፣ ማን ልበልሽ?» እላታለሁ። አትሄድም፣ ከግድግዳው ማዶ ቆማ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል።