መዶሻ የያዘው ሰው

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት በመዶሻ ተመትቶ ቢሮው ውስጥ ሞቶ በተገኘ በአራተኛው ቀን፣ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ የምስል ባለሙያውን አስጠራችው። ሽማግሌውን ዘበኛ ያሳሰረች እሱ ያዘጋጃት ፎቶ ናት፤ ከኮሪደሩ ቪዲዮ ሠላሳ ነጠላ ምስል ደራርቦ ያጠራት፣ የዘበኛው ፊት ከነመዶሻው ቁልጭ ብሎ የሚታይባት።

«የግድግዳው ሰዓት ለምን እንቁላል መሰለ?» አለችው።

«ካሜራው ከጥግ ስለሚያይ ነው። ይቃናል።»

«አቅናልኛ።»

የበሩን መቃን መነሻ አድርጎ ምስሉን አቀናው። ሰዓቱ ክብ ሆነ። ረጅሙ ዘንግ ግን ሁለት ነበር፤ አንዱ አንድ ቁጥር ላይ፣ ሌላው አራት ቁጥር ላይ፣ ሁለቱም እንደ ጥላ የሳሱ።

«ሁለት ረጅም ዘንግ ያለው ሰዓት አይተህ ታውቃለህ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ከቢሮው ሁለት ጊዜ የወጣ አንድ ሰው መስሎኝ ነው» አለ። «የሥራ ጋዋኑ አንድ ዓይነት ነው። የፊተኛው ፊቱ ይታያል፤ የኋለኛው መዶሻ ይዞ አቀርቅሯል። ደረብኳቸው።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

ከሰዓት በኋላ፣ ያን ቀን ሥራ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስቱ፣ ዘበኛው፣ የሟች ወንድምና ሸሪኩ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«በዘጠኝ ከአምስት የወጡት ዘበኛው ናቸው፤ እጃቸው ባዶ ነው» አለች መርፌ። «በዘጠኝ ከሩብ ሟች ለደንበኛ ስልክ ደውሏል። መዶሻው የወጣው በዘጠኝ ከሃያ ነው። የያዘው ሰው በሩን ሲያልፍ፣ በተቃናው ምስል ላይ ትከሻው ከመብራቱ ማብሪያ አይበልጥም። እስኪ በየተራ በሩ ላይ ቁሙ።»

የዘበኛውም የሸሪኩም ትከሻ ማብሪያውን በስንዝር አለፈ። ወንድምየው አልተነቃነቀም።

«ከመጋዘን አልወጣሁም ብያለሁ!»

«ታዲያ መቆም ምን ያስፈራል፣ ወንድሜ?»

«የአባታችንን ቤት ሊሸጠው ነበር!» ብሎ ጮኸ።

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ እሱ ዞረ። ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ተጠጋ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እስኪ ያቺን ፎቶ አምጣት።» ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። «እኔም አምኛት ነበር እኮ፣ ልጄ። ፊቱ የኔ፣ እጁ መዶሻ የያዘ… እርጅና ነው፣ አድርጌው ረስቼው ይሆናል አልኩ። ትናንት ልጄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ብያታለሁ።»

ባለሙያው እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«አሁን ተነስ» አሉት፣ «አብረን ሄደን አንተው ንገራት።»