ከቁሌት ዘወር አይባልም

ኖዌሊ ወደ ድስቱ ስትመለስ ቁሌቱ ላይ ጥቁር ነቁጦች ተበትነው አየች። ክው አለች። ዱቄቱን በዘይት እያማሰሉ እስኪጠይም ማቁላላት የተሰጣት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነበር። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ከቁሌት ዘወር አይባልም። እሷ ግን የአጎቷ ልጅ ባስትያን በመስኮት ሲጠራት ወጥታ ስትሳሳቅ ቆየች።

«አረረብኝ!»

ባስትያን አንገቱን በመስኮት አስገባ። «አታካብጂ ባክሽ! ያ ሁሉ ጎመን ሲገባበት ማን ያየዋል?»

«ይመራል እኮ!»

«የሰናፍጭ ቅጠሉ ነው የመረረው በያ!»

እውነቱን ነው። ጋምቦ የሚሉት የጸሎተ ሐሙስ ወጥ ዘጠኝ ዓይነት ቅጠል ይገባበታል፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ልክ በዓመቱ አዲስ ወዳጅ ይገኛል ይባላል። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሀል ነቁጥ አይታይም። የኒው ኦርሊንስ ጎረቤትም ሳህኑን ይዞ በራፍ ላይ ተሰልፏል። አክስት ኦሬሊ ደግሞ «ዘንድሮ ቁሌቱ የኖዌሊ ነው!» እያሉ ለሁሉም አውርተዋል።

የእግራቸውን ኮቴ ስትሰማ ድስቱን ከደነችው።

አክስት ኦሬሊ የታጠበ ቅጠል የሞላበት ገበቴ ይዘው ገቡ። ድሮ ቢሆን ያረረው ሽታ ገና ከግቢው ይጠራቸው ነበር። ካመማቸው ወዲህ ግን ማሽተትም ጣዕም መለየትም ተስኗቸዋል። ይህን የምታውቀው ኖዌሊ ብቻ ናት።

«እህሳ የኔ ልጅ፣ ደረሰ? ዛሬ አፍንጫዬም ምላሴም አንቺ ነሽ።»

ኖዌሊ ማማሰያውን አየችው። አንድ ጎኑ በቀኝ እጅ ማማሰል ብዛት ተበልቶ ሳስቷል። የአክስት ኦሬሊ እናት፣ አያታቸውም በዚሁ ሲያማስሉ ኖረዋል። ቁሌቱ ከፈረንሳይ፣ የቅጠሉ አበሳሰል ከአፍሪካ መጣ፤ ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ ያስማሟቸው ግን በባርነት ቤት ያበሰሉ እናቶች ናቸው። ያን ሁሉ ችለው ይህን የመሰለ ምግብ ማውጣታቸው ሁሌም ይደንቃታል። አሁን የመረረ ጋምቦ ቢቀርብ የሚታማው የአክስት ኦሬሊ እጅ ነው።

ክዳኑን አነሳችው።

«አሯል፣ አክስቴ። ትቼው ወጥቼ ነበር።»

አክስት ኦሬሊ ድስቱን በጨርቅ ይዘው ያረረውን ደፉ፣ አጠቡትና መልሰው ጣዱት። ማማሰያውን አዙረው ሰጧት።

«ግራኝ አይደለሽ? ባልተበላው ጎን ጀምሪ።»

ወደ በራፉ ወጡ። «ቁሌቱ እንደገና ተጀምሯል!»

«ኧረ አክስት ኦሬሊ፣ በርሃብ ልናልቅ ነው!»

«አርባ ቀን የጾመ ሰው ዛሬ ትንሽ መጠበቅ አቃተው?»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ወንበር አወጣ፣ ሌላው ከበሮ አመጣ። አንድም ሰው አልሄደም። ኖዌሊ ጉንጯ እየጋለ ታማስላለች፤ ዱቄቱ ቀስ እያለ መጠየም ጀምሯል።

«ኖዌሊ! ነይ እዪ፣ እየጨፈሩ ነው!» አለ ባስትያን በመስኮት።

ዞር አላለችም። «ቁሌት ላይ ነኝ» አለችው።