በፔምበርተኖች መቃብር ላይ

የአቶ መንገሻ ሬሳ የተገኘው ሲሟገቱላቸው በኖሩት መቃብሮች መካከል ነው። ማኪኒ ከተማ ያለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃውን ከፈረንጆች ሲገዛ፣ ድሮ ከእንግሊዝ የመጡት የፔምበርተን ቤተሰብ ስድስት የድንጋይ መቃብሮችም አብረው መጡ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይርጉ ቦታው ፓርኪንግ ይሁን አሉ፤ መንገሻ የሰው አጥንት ላይ መኪና አይቆምም ብለው ድርቅ አሉ። ምእመኑም አንድ አምላክ እያመለከ ሰላምታ ተነፋፈገ።

ሬሳውን ያገኘው ሣር አጫጁ ገመቹ ነበር። መርማሪ ሐዳሳ ስትደርስ ሁሉም ጣቱን ወደ እሱ ቀስሮ ጠበቃት። ባለፈው እሑድ ማጨጃህ ድንጋዩን ጫረው ብለው መንገሻ ቢቆጡት፣ በሰው ፊት «አንድ ቀን እዚሁ ይቀበራሉ» ብሏቸዋል።

«ተናድጄ ነው» አላት። «ማለቴ፣ ብገድላቸው ራሴ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ?»

«ብልጥ ገዳይ ያደርገዋል» አለችው። ወዳጅ ልታፈራ አልመጣችም።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም፣ መንገሻ ደረታቸውን ተገፍተው ራሳቸውን በመቃብሩ ጠርዝ እንደተመቱ፣ ነፍሳቸው እስክትወጣም አንድ ሰዓት ያህል እንደደሙ ነገራት።

ከዚያ ባለቤታቸውን ሸዋረገድን ልታረዳ ሮውሌት ከተማ ወዳለው ቤታቸው ነዳች። በሩን የከፈተችላት የሸዋረገድ ወዳጅ ህይወት ናት። ሳሎን ውስጥ ሌሎች ሁለት ሴቶች ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ሸዋረገድ ብቻ ምንም ሳታውቅ እንግዶቿን ቁርስ ብሉ እያለች ትለምናለች። መርዶውን ከነገረቻት በኋላ ህይወትን ለብቻዋ ጠየቀቻት፤ ስልኳንም አየች።

ከሰዓት በኋላ ሸዋረገድንም ጨምሮ ሁሉንም የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበች።

«ገመቹን ወስደሽ ጨርሺ» አሉ ይርጉ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ልጄ።»

«ይውጣ። ገመቹ ሬሳውን አግኝቶ ኮል ያደረገው ኤይት ተርቲ ላይ ነው። ህይወት፣ ወደ ሸዋረገድ የተላክሽው መቼ ነው?»

«ሰቨን ላይ» አለች ህይወት አንገቷን ደፍታ። «ጋሽ ይርጉ ደውለው ‹ሴቶች ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻዋን አትሁን› አሉኝ። እንዲህ ከተባልኩ ምን እጠይቃለሁ? መርዶ እንደሆነ ገባኝ።»

«ሬሳው ሳይገኝ መርዶ!» አለች ሐዳሳ። «ከሕግ ለማምለጥ ዝም ማለት ይበቃዎት ነበር፤ ወጉን ግን መተው አልቻሉም። በስንት ሰዓት ገፏቸው?»

ይርጉ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። በማለዳ መቃብሩን ሊለኩ ሄደው መንገሻ እንደደረሱባቸው፣ ተሰዳድበው እንደገፏቸው፣ ከዚያም የሞቱ መስሏቸው እንደሄዱ ተናገሩ።

«ሲክስ ተርቲ ነበር» አሉ። «ብቻዋን እንዳትሰማ ብዬ ነው የደወልኩት።»

ሐዳሳ የሐኪሙን ቃል ነገረቻቸው፤ ስልኩ ሲደወል መንገሻ ገና በሕይወት ነበሩ።

ሸዋረገድ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ ይርጉ፣ ለእኔ አልቃሽ ጠሩልኝ» አለች። «ለእሱ አምቡላንስ መጥራት አቃተዎት?»

ሐዳሳ ካቴናውን አወጣች።