የኦም ሳሮም ሠላሳ ቀን

«ምን ትጠብቂያለሽ? ተጫኚው እንጂ!»

አባቷ ከኋላዋ ቆሟል። ቫናሪ ጣቷን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ገጹ ላይ ሁለት ምርጫዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «እቆጥባለሁ» እና «አልፈልግም»። ከላያቸው የተጻፈው የእሷም የአባቷም ስም አይደለም። ዶናት ቤታቸው ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው የኦም ሳሮም ስም ነው፤ «ኦም» በካምቦዲያውያን ቋንቋ በክመር ታላቅ ሴት የምትጠራበት የአክብሮት ቃል ነው።

«ፓ፣ ይሄ እኮ የሳቸው ነው።»

«እሷ ኢሜይል የት አላት? ያንቺን ነው የሞላሁት።»

ይህስ እውነት ነው። ስቶክተን ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ የማያነቡት የካምቦዲያ ሰዎች ደብዳቤ የሚያስነብቡት በየቤቱ ላለ ተማሪ ነው፤ አድራሻ ሲጠየቁም የዚያኑ ልጅ ይሰጣሉ። የሐኪም ቀጠሮው፣ የኪራይ ውሉ፣ የመብራት ማስጠንቀቂያው ሁሉ ቫናሪ ስልክ ውስጥ ይገባል። በዐሥራ አምስት ዓመቷ የስንት ሽማግሌ ምስጢር እንደተሸከመች ቆጥራው አታውቅም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በጸደይ ሲመጣ አባቷ «የሌቦች ሥራ ነው» ብሎ ቀዶ ጣለው። የመንግሥት ማኅተም የሚመስል ነገር ለጥፈው ገንዘብ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች በየወሩ ስለሚጽፉለት አይፈረድበትም። ሁለተኛው ግን ቅጣት የሚል ቃል ነበረበት። የጡረታ ዕቅድ የሌለው አሠሪ፣ ሠራተኛዋ አንዲት እንኳ ብትሆን፣ በግዛቱ መንግሥት የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ሊያስመዘግባት ይገደዳል። ከአሠሪው ኪስ አንዳች አይወጣም። ከሠራተኛዋ ደመወዝ ከመቶ አምስት እየተነሣ በገዛ ስሟ ይቀመጣል። ካልፈለገች በሠላሳ ቀን ውስጥ «አልፈልግም» ማለት ትችላለች፤ ዝም ካለች ቁጠባው ይጀምራል። ዛሬ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው።

ቫናሪን የከነከናት የአባቷ ጥድፊያ ነበር። የተሰበረ የመስኮት መስታወት ለማስጠገን ሁለት ክረምት ያሳለፈ ሰው፣ አንዲት ሳንቲም ለማታስወጣው ጉዳይ ለምን ይቸኩላል?

«ጠይቀሃቸዋል?»

«ጠይቄያታለሁ። አልፈልግም ብላለች። ምነው፣ መርማሪ ሆንሽብኝ?»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር።

«ደብዳቤውን አንብበህላቸው ነው?»

«ዋናውን ነገር ነግሬያታለሁ።»

«ዋናው ነገር ምንድን ነው?»

አባቷ ጨርቅ አንሥቶ ንጹሑን ጠረጴዛ ይወለውል ጀመር። «ስሚኝ። ይሄ ሱቅ በምን ተከፈተ? ባንኮቹ ሲያባርሩን በእቁብ ነው የተከፈተው። የእቁቡ ዳኛ እኔ ነኝ፤ ለሳሮምም ዋሷ እኔ ነኝ። ከደመወዟ ከተቆረጠ እቁቧን በምን ትጥላለች? እሷ ከወጣች ሌላውም ይከተላል። ያኔ ሰው ሁሉ ማንን ነው የሚይዘው? እኔን!»

«ሲያረጁስ?»

«እኛ አለንላት! ልጅ የላትም፤ እኛ አይደለን እንዴ ልጆቿ?»

ይህን «እኛ» ቫናሪ በልቧ አገላብጣ አየችው። ባለፈው እሑድ መኪና ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ዓይኗን ጨፍና ሳለ፣ አባቷ ለእናቷ ሲያወራ የሰማችው ሌላ ነበር።

«ሱቁን ስትሸጠውስ፣ ፓ?»

ጨርቁ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«መኪና ውስጥ ተኝቼ አልነበረም።»

አባቷ አፉን ሊከፍት ሲል ከጓሮ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ዱቄት የሚያመጣው ሰው ደርሷል። «ስመለስ አልቆ ላግኘው» አለና ወጣ። ድምፁ ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ልመና የሚመስል ነገር ነበረበት፤ ቫናሪን የባሰ ያስጠረጠራትም እሱ ነው።

ስልኳን ይዛ ከጓዳው ወደ ሱቁ ፊት ለፊት ወጣች። ኦም ሳሮም ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ሮዝ ካርቶኖችን እያጠፈች ትደረድራለች። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠዋል፤ ቢሆንም ካርቶኑን ሳታየው ታጥፈዋለች።

«ኦም፣ ፓ ስለ ጡረታው ምን አለዎት?»

«የምን ጡረታ? አዲስ ግብር መጥቷል ነው ያለኝ። ግብር የሚናፍቀው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አልፈልግም አልኩት። ይልቅ ይቺን የምትነቀነቀዋን ጥርሴን ይውሰዱልኝ!»

ሳቀች። ቫናሪ መሳቅ አቃታት። አሁን ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ በነበረበት ይቀጥላል፤ ብትናገር አባቷ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመነችውን ሴት እንደዋሸ የምትመሰክረው የገዛ ልጁ ናት።

«ግብር አይደለም» አለች በመጨረሻ። በኢሜይሏ የደረሰውን ደብዳቤ ስልኳ ላይ ከፍታ ወደ ክመር ቋንቋ እየመለሰች ታነብላት ጀመር። ጡረታ ለሚለው ቃል አቻ ስታጣ «ሥራ ካቆሙ በኋላ የሚበሉበት» አለችው። አሠሪ በሠራተኛው ፈንታ ሊመርጥ እንደማይችል የሚናገረውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ኦም ሳሮም ካርቶኑን አስቀመጠችው።

«ስሜን ማን ያየዋል?»

ቫናሪ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። ኦም ሳሮም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ካምቦዲያ ውስጥ በእልቂቱ ዘመን፣ ስም የሚመዘግቡ ሰዎች ወደ መንደሯ መጥተው ነበር፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው አባቷ ተጠርቶ ሄደ፣ ከዚያም አልተመለሰም። «ማንም አያየውም» ማለት ምንኛ ቀላል ነበር።

«መንግሥት ያየዋል» አለች። «ፓ አስመዝግቦዎታል። አልፈልግም ቢሉም ስምዎ ከዚያ አይጠፋም።»

አሮጊቷ ያስቀመጠችውን ካርቶን እንደገና አነሣች። «ገንዘቡንስ ይሰጡኛል?»

«ያጠራቀሙትን በፈለጉ ጊዜ ማውጣት ይችላሉ፤ ማቆምም ይችላሉ። ደብዳቤው የሚለው ይሄንን ነው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሰው ሁሉ ደብዳቤው ተነቦ ሲያልቅ ይህን ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ሁልጊዜ ትመልስ ነበር። «እኔ ምንም አልልም፣ ኦም።»

ኦም ሳሮም በጥርጣሬ አየቻት። «አባትሽ እዚህ መሆንሽን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ይቆጣሻል።»

«አዎ።»

«እና አንቺን ምን አገባሽ?»

ቫናሪ እጇን ዘረጋች። «ስልክዎን ይስጡኝ» አለችና ለኦም ሳሮም ብቻ የሚሆን የኢሜይል ሳጥን ከፈተችላት። ከዚያም ወደ ቁጠባው ገጽ ገብታ አባቷ የሞላውን የቫናሪን አድራሻ ደመሰሰች፣ በቦታው አዲሱን ጻፈች። ከእንግዲህ የኦም ሳሮም ደብዳቤ በቫናሪ በኩል አያልፍም።

«የሚስጥር ቃል ይምረጡ። ስምዎን የሚጽፉባቸው የእንግሊዝኛ ፊደሎችና ቁጥር ይበቃሉ። ለእኔም ቢሆን አይንገሩኝ።»

«ብረሳውስ?»

«አይረሱትም። ሁለቱም ምርጫ እስከ ነገ ክፍት ነው። ሲወስኑ የትኛው ጋ እንደሚነኩ አሳይዎታለሁ።»

የጓሮው በር ተንጓጓ። አባቷ የዱቄት ጆንያ ትከሻው ላይ እንደያዘ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው።

«አለቀ?» አለ።

«አላለቀም» አለች ቫናሪ።

ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ኦም ሳሮም የምትጽፈውን ማየት አልፈለገችም። ከኋላዋ አንዲት ጣት አንዷን ፊደል ፈልጋ እስክታገኝ፣ ደግሞም ሌላዋን እስክትፈልግ፣ ቆማ ጠበቀች።