የአረንጓዴው እንግዳ አንድ ቃል

ሬሳው አረንጓዴ ነበር። በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማ ከሌላ ዓለም መጥቶ ጥግ ጥጉን ሲቆም የኖረው እንግዳ፣ ዛሬ ከነላስቲክ ቆዳው ስቱዲዮው ወለል ላይ ተዘርሯል። ባልደረቦቹ «መርፌ» የሚሉት መርማሪ ጭንብሉን ብቻውን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነው። መተንፈሻው በሰም ተደፍኗል። ያየውን ለማንም አልተናገረም።

መቀመጥ አልሆነለትም፤ የመብራት ገመዱን እየተሻገረ ይመላለሳል።

«ቀጮ የምንለው ልጅ ነው የሚጫወተው» አለ ዳይሬክተሩ። «ቤቱ ለባብሶ ነው የሚመጣው፤ ፊቱን አናይም። ስድስት ዓመት ቃል ሳይተነፍስ ቆሞ፣ ዛሬ አንድ ጻፍንለት። ‹ሰላም› ብሎ መውደቅ ነበረበት። እሱ ‹አየር!› ብሎ ተንፈራገጠ። ከራሱ የጨመረው መስሎን . . .»

«እና?»

«አጨበጨብን።»

በድራማው የጠፈር መርከቡን አዛዥ የሚጫወተው ዝነኛ ጉንጩን ነፋ። «ቃሏን ከእኔ ላይ ቀንሰው ነው የሰጡት። ተናድጃለሁ። ግን በአንድ ቃል ሰው ይገደላል እንዴ?»

ሜካፕ ሠሪዋ በሯን ከፈተች። «ነይ ግቢ፣ እናቴ» አለችው ጺማሙን መርማሪ። «እዚያች ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ፣ እግሯ ተሰብራለች።» ለወንዱም ለዕቃውም የምትለው «አንቺ»ና «እሷ» ነው።

«ዳይሬክተሩ እንዴት ነው?»

«እሷ? ጯሂ ናት፤ ቂም ግን አትይዝም።»

«አዛዡስ?»

«ኩራተኛ ናት።»

«ሟችስ?»

ስፖንጅ የያዘ እጇ ቆመ። «እሱ . . . ጥሩ ልጅ ነበር።»

መርፌ ሦስቱንም ሬሳው ዘንድ ሰበሰበና ጭንብሉን አወለቀ። ሴት ልጅ ናት።

«ቀጮ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል፤ ደውዬለታለሁ፤ መሞቷን ግን አልነገርኩትም። የመጀመሪያዋ ቃሉ እንዳታመልጠው እህቱን አልብሶ ላከ። ሰሙን ከሜካፑ ጠረጴዛ ማንም ያነሣዋል። ሴት መሆኗን ግን አንዳችሁ አውቆ ደበቀ።»

«እኔ ‹እሱ› ነው ያልኩት!» አለች ሜካፕ ሠሪዋ።

«ጉዱ እሱ ነዋ! ወንበሩን ‹እሷ›፣ እኔን ‹እናቴ› ያልሽ ሰውዬ፣ ሴቷን ብቻ ‹እሱ› አልሽ። የምትደብቂው ባይኖር ምላስሽን ማን ገራው?»

ሜካፕ ሠሪዋ አረንጓዴውን ፊት ከእጁ ወስዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ይህችን ፊት የሠራኋት እኔ ነኝ። ‹ከታመምኩ አንቺ ትለብሺያታለሽ› ብላኝ ነበር ቀጮ። ዱቄት ልቀባ ስጠጋ፣ በዓይን ቀዳዳዋ የማላውቃት የሴት ዓይን አየችኝ። ያቺ ቃል የእኔ ነበረች።»

የመርፌ ስልክ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ቅድም ሳልጠይቅዎ» አለ ቀጮ በጎርናና ድምፅ። «እህቴ ቃሏን አሳምራ አለቻት?»

ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ያልሆነለት መርፌ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።