የሰንበቴው ፌጦ

ሳሚያ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። መርዝ ባጠጣችው ጥጥ ላይ የዘራችው፣ ከሰንበቴ ገበያ የተገዛው ፌጦ አራት ቀኑ ነው፤ ሥሩ ግን ብቅ ባለበት ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፣ ቅጠሉም ሳይዘረጋ ገርጥቷል። መሞት አልነበረበትም። ከዚያው ከረጢት ተወስዶ ትምህርት ቤት የተዘራው ፌጦ በዚያው መርዝ ላይ ለምልሞ ቆሟል።

መርዙን ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችላት የአጎቷ ልጅ ዘይቱና ናት። ዲ-ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ስኳር የሚመስል ነጭ ዱቄት። ዘይቱና ለእረፍት ከሚሴ በመጣች ጊዜ እንዳስረዳቻት፣ ተክል ፕሮቲን ከሚሠራበት ሴሪን ጋር እንደ ግራና ቀኝ ጫማ ነው፤ መልኩ አንድ፣ አቅጣጫው ግን የተገላበጠ። ለዚህም ነው ቡቃያን የሚመርዘው። ተመራማሪዎች ታዲያ መርዝነቱን ለሥራ ያውሉታል። አዲስ ጂን ወደ ተክል ሲያስገቡ ከብዙ ሺህ ተክል ጂኑን የሚቀበለው ጥቂቱ ነው፤ የተቀበለውንም በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ መርዙን የሚያፈርስ ሌላ ጂን አብረው ያስገቡና ሁሉንም መርዙ ላይ ያበቅሉታል።

«በሕይወት የቀረው የተቀበለው ነው» አለቻት ዘይቱና። «ያ ጂን መለያችን ነው። እኛ ሳንሆን መርዙ ነው የሚመርጥልን።»

ሳሚያና ጓደኛዋ ቶይባ ሐሳቡን ለሳይንስ ክበብ አቀረቡ። ጂን ማስገባት ባይችሉም መርዙ ሲሠራ ማሳየት አያቅታቸውም። የከሚሴን ፌጦ ግማሹን በንጹህ ውሃ፣ ግማሹን በመርዙ ዘሩ፤ ያኛው ለመለመ፣ ይኼኛው ሞተ። ከዚያ ቶይባ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዳ ሌላ ፌጦ ገዛችና ሰኞ ብቻዋን ዘራችው። እሱ አልሞተም።

የባዮሎጂ መምህራቸው ኸይረዲን ዓርብ ጠዋት ብርጭቆውን እያዟዟሩ ሲያዩት ብዙ ቆዩ። ሰው በቤተ ሙከራ የሚያስገባውን ዓይነት ጂን ይህ ፌጦ ከተፈጥሮው ይዞት ይሆናል አሉ። በሰልፍ ላይ የሁለቱን ስም ጠሩ። ሐሙስ በዞኑ አውደ ርዕይ ይቀርባሉ፤ እዚያ ያሸነፈ ባሕር ዳር ይሄዳል። የሳሚያ ስም በሰልፍ ላይ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለአውደ ርዕዩ ተጨማሪ ብርጭቆ ይኑረን ብላ ነው በተረፈው ዱቄት ቤቷ የዘራችው።

ማክሰኞ ከትምህርት ሲወጡ ቶይባን ከመንገዱ ገለል አድርጋ የሞተውን ፌጦ አሳየቻት።

«ያኛውን ባለፈው ሳምንት ሰኞ ስትዘሪው ምን አጠጣሽው?»

ቶይባ ብርጭቆውን ተቀብላ፣ እህል የጫነ አይሱዙ እስኪያልፍ አዟዙራ አየችው። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። መርዙ የተበጠበጠበት ሃይላንድ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ፈሶ ነበር። ባለፈው ወር የቤተ ሙከራውን መስታወት ሰብራ ስለተቆጧት ፈራች፤ ሃይላንዱን ከቧንቧ ሞላችው። ከሳሚያ ዱቄት ጠይቄ እተካዋለሁ እንዳለች ቀናቱ አለፉና መምህሩ ቀድመው አዩት።

«ማሎ ሳሚያ፣ ተይው» ብላ ለመነቻት። «ወላሂ ማንንም አይጎዳም። ፌጦ ነው ኮ።»

«ቲቸር ዘሩን ለነዘይቱና አስተማሪዎች ሊልኩት ነው።»

«አታካብጂ። እነሱ እስኪደርሱበት እኛ ባሕር ዳርን አይተን ተመልሰናል።»

ሳሚያ ልትስቅ ምንም አልቀራት። እሷም ባሕር ዳርን ማየት ትፈልጋለች፤ አባቷ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሮ ጨርሷል። ቤቷ እስክትደርስ ግን የዘይቱና ነገር አልለቅ አላት። በሕይወት የቀረው የተቀበለው ነው። ይህ ፌጦ የቀረው ግን መርዙን ስላልቀመሰ ነው።

ረቡዕ ከሰልፍ በፊት መምህራን ክፍል ገብታ ብርጭቆዋን መምህር ኸይረዲን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና የሆነውን ነገረቻቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ አለመቆጣታቸው ይብስ ከበዳት።

«ውሃውን የሞላው ማነው?»

«ያደረገው ሰው ራሱ ይንገርዎት፣ ቲቸር። እኔ ዘሩ መሞቱን ላሳይዎት ነው የመጣሁት።»

ጥቂት አይተዋት ሐሙስ ምን ይዛ እንደምትቀርብ ጠየቋት። ሁለቱም ዓይነት ፌጦ መሞቱን አሳያለሁ አለቻቸው። መምህሩ ስህተቱን ለዞኑ ሰዎች ራሳቸው ደውለው እንደሚያሳውቁ፣ በሁለት ብርጭቆ የሞተ ፌጦ ግን ባሕር ዳር መድረስ ዘበት መሆኑን ነገሯት። ሳሚያ ይህን ጠዋት ከቤቷ ስትወጣም ታውቅ ነበር።

ክፍል ስትገባ በመስኮቱ በኩል ባዶ ወንበር ነበር። አልፋው ሄዳ እንደወትሮው ቶይባ አጠገብ ተቀመጠች።

«ስሜን ጠራሽ?» አለች ቶይባ በሹክሹክታ፤ ብርጭቆውን ይዛ መምህራን ክፍል ስትገባ አይታታለች።

«አልጠራሁም። ግን ጠይቀውኛል።»

ቶይባ የሒሳብ ደብተሯን ከፈተች፤ እስከ እረፍት አንድም መስመር አልጻፈችበትም። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ወደ ሜዳው ሮጡ። እሷ ሂጃቧን አስተካከለችና ወደ መምህራን ክፍል መንገድ ጀመረች።

ሳሚያ አብሬሽ ልምጣ ልትላት ተነሥታ ነበር። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።