ከአሬሮ በታች የማያርፈው ሞተር

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ተረት የመሰለው ይሳቅ፤ እኔ ግን ዛሬም ስልክ ባነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ ከኋላ ያለውን ድምፅ አዳምጣለሁ።

በድርቁ ዓመት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ። ቦታው ከአሬሮ በታች ያለ የውኃ ጉድጓድ።

እኔ የምሠራው ነገሌ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው። የጉድጓዱን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ጃታኒ ግን ብቻውን እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት እደውልለታለሁ።

አለቃችን እስራኤል ሰው አያምንም።

"ዘሪቱ፣ አጠገቡ የሚቆም ከሌለ ሰው አይሠራም። ይሄ ሰውዬ ተኝቷል። አባርረዋለሁ!"

"ኧረ ይሠራል! ሞተሩ በስልክ ይሰማኛል" እለዋለሁ። የጃታኒ እንጀራ በእኔ ምላስ ላይ ነበር።

ግን... ሰሞኑን አንድ ነገር ከነከነኝ።

ቦረና ሰላምታ አያሳጥርም። ሰውን፣ ከብቱን፣ ሣሩን ሁሉ ይጠይቅሃል። ጃታኒ ግን "ናጋ"፣ ሰላም ነው፣ ብሎ ከመመለስ በቀር መጠየቁን ተወ።

"አካም፣ እንዴት ነህ ጃታኒ?"

"ናጋ።"

"ከብቱስ?"

"ናጋ።"

ከኋላው ሞተሩ ብቻ... ያለ ዕረፍት።

ፈራሁለት። እስራኤልን "ሄደን እንየው" ብዬ ለመንኩት። ከሹፌሩ ከኩራ ጋር ሄድን።

ስንደርስ ሞተሩ ይሠራል። ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል። ከብቶቹ ግን ርቀው ቆመዋል። በጥማት ምላሳቸው ወጥቷል... አንዷም አትጠጋም።

ዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ዱቤ ይባላሉ።

"አባ፣ ናጋ ነው? ጃታኒስ?"

"ናጋ" አሉኝ።

እዚህ አገር ክፉ ወሬ ከሰላምታ አይቀድምም። እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጃታኒን ቀብረነዋል፣ ልጄ። እባብ ነደፈው። ወር አልፎታል..."

ዛሬ ጠዋት እኮ አነጋግሬዋለሁ!

"ታዲያ ማነው የሚሠራው?" አለ እስራኤል በንዴት። "ሞተር ቤቱ ገብቼ አየዋለሁ።"

"አትግባ..." አሉት ሽማግሌው።

ገባ።

ወዲያው ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው... የደረቀ፣ የከረመ። ጥፍሩ ውስጥ ሳይቀር።

"እናንተ ሂዱ" አለን። ዓይኑ እኛን አያይም። "እዚህ ሥራ አለ።"

ለመንነው። ኩራ ክንዱን ይዞ ጎተተው... ንቅንቅ አላለም። ትተነው ሄድን።

አሁን ጠዋት ጠዋት የምደውለው ለእስራኤል ነው። ሥራው እንከን የለውም።

ግን ስጠይቀው ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ ከኋላው አንድ ሰው በሹክሹክታ መልሱን ይነግረዋል...

እስራኤል ይደግመዋል።

የጃታኒን ድምፅ አውቀዋለሁ። የሚያንሾካሹከው እሱ አይደለም።